የጨብራራው መብራት

ጥር 18፣ ሰኞ

ሙቀት 25.5። ጨው ልክ ነው። መብራት በርቷል። ልዩ ምልከታ፦ የለም።

ይህ ደብተር የተሰጠኝ ከላይ ያለውን መስመር በየቀኑ እንድሞላበት ብቻ ነው። ባለቤቴ፣ ማለትም አለቃ፣ ለአራት ወር የመንገድ ቅየሳ ሥራ ስትሄድ ሳሎናችን ውስጥ ያለውን ባሕር ለእኔ አስረክባ ነው የሄደችው። ባሕር የምለው ሁለት መቶ ሊትር ጨዋማ ውሃ የያዘውን የመስታወት ገንዳ ነው። ውስጡ አሳ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ኮራል የሚባል፣ ድንጋይ ይሁን አበባ ይሁን እንስሳ ያልለየለት ፍጥረት አለ። (እንስሳ ነው። ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።) ትታልኝ የሄደችው መመሪያ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ቀያሽ ስለሆነች አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ካርታ አለው።

“ልዩ ምልከታ” የሚለው ቦታ ሰፊ ነው። ባዶውን ከሚቀር እኔ የልቤን ልጻፍበት። ማንም አያየውም። እሷ ከመምጣቷ በፊት ቁጥሮቹን ብቻ በንጹሕ ደብተር ገልብጬ አስረክባታለሁ።

ዛሬም እንደ ባለፉት ሳምንታት የመነጽር መጥረጊያ ጨርቆቹን ከሱቅ አምጥቼ አጠብኩ። ሃያ አራት ሰማያዊ ጨርቅ። የገንዳው መብራት ጀርባው ሞቅ ስለሚል እዚያ ላይ አሰጣኋቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድርቅ! ይህን ሁሉ ዓመት በረንዳ ላይ ገመድ ስወጥርና ስፈታ የኖርኩት በከንቱ ነው። አንዳንዴ ብልህ ነኝ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሙቀት 25.4። ጨው ልክ። መብራት በርቷል።

አለቃ ያለችበት ቦታ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ስለሆነ የምትደውለው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ረቡዕና እሑድ፣ ከሥራ በኋላ። ዳገቱ ያቋረጠው ትንፋሿ ሳይመለስ፣ “ጨብራራው እንዴት ነው?” አለች።

ጨብራራው ከኮራሎቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ረጃጅም አረንጓዴ ጣቶች አሉት፤ ውሃው ሲነካቸው ይወዛወዛሉ። ከእንቅልፉ ተነስቶ ማበጠሪያ ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። እዚህ ቤት በገባን ዓመት አለቃ ስታመጣው አንድ ራስ ብቻ ነበረው፣ አውራ ጣት የማያህል። ዘጠኝ ዓመት አሳድጋው አሁን ሰባት ራስ ሆኗል። መብራቱ ሲበራ ይከፈታል፣ ሲጠፋ ይሰበሰባል። ቤት እያለች ጠዋት የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ፊቱ ቆማ “እንዴት አደርክ?” ትለው ነበር። የእኔ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥላ እናቷን ጠየቀች። እማማ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ ከሹራባቸው ጋር። ሦስተኛ ላይ እኔ ደረስኩ። ሦስተኛም ሜዳሊያ አለው።

“ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው” አልኳት።

“አንተ መቼም ደህና ያልሆንክበት ቀን የለም” አለች። ምስጋና መሰለኝ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሱቅ ሆኜ። ደንበኛ ሄዶ ሌላ እስኪመጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መነጽር ስለካ ኖሬ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ሰዎች ስለ ገዛ ዓይናቸው እንኳ ይሉኝታ መያዛቸው ነው። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሌንስ እቀያይርላቸዋለሁ። “አንደኛው ይሻላል፣ ሁለተኛው?” እላለሁ። “ሁለቱም ደህና ነው” ይሉኛል፣ እንዳይቀየመኝ ብለው! ሁለቱም ደህና የሚባል ነገር የለም። አንዱ ያጠራል፣ አንዱ ያደበዝዛል። “እኔን አይዩኝ፣ ሰሌዳውን ይዩና የሚታይዎትን ይንገሩኝ” ብዬ እገሥጻቸዋለሁ።

ጠዋት እማማ፣ “ልጄ፣ ባሕሩ ጨለም አላለብህም?” አሉኝ። “እማማ፣ መነጽርዎ ሳይቀየር አልቀረም” ብዬ ሱቅ ድረስ ይዣቸው መጣሁ። ለካሁ። ዓይናቸው እንዳለ ነው፤ ምንም አልተለወጠም። እንግዲህ ዕድሜ ነው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። መብራቱ ሞተ። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ከዚያ ምንም። ሱቅ መክፈት አለብኝ። ጨብራራው እንደ ጡጫ ተጨብጧል።

ያው ቀን፣ ከራት በፊት

ሙቀት 25.1። ጨው ልክ። መብራት፦ ...

ጨርቆቹን ከላዩ አንስቼ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ጎኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት። “በል እንጂ” አልኩት። እማማ ከኋላዬ መጥተው፣ “ጠፋ አይደል?” አሉ። “አረፍ ብሎ ነው” አልኳቸው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጥሞና አሰብኩበት። አንደኛ፣ የሰሞኑ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ። ሁለተኛ፣ የዛሬ ፋብሪካዎች ዕቃ አይሠሩም። ሦስተኛ፣ እማማ የውሃ ማፍያቸውን በዚያው ሶኬት ይሰካሉ። እኔ በበኩሌ መብራቱን ከሻይ ብርጭቆ በላይ ነው የተንከባከብኩት። በየሳምንቱ እንኳ ጀርባውን በንጹሕ ጨርቅ እሸፍነው ነበር፣ ሲደርቅልኝ።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ደወለች። “ጨብራራው እንዴት ነው?”

“ደህና ነው።”

ምን ልበላት? ኮረብታ ላይ ቆማ፣ ንፋስ እየመታት፣ ምን ታደርጋለች? መጨነቅ ብቻ ነው። እስከ እሑድ አስጠግኜው ነገሩ ያልፋል። ይህን ሁሉ ለእሷ ብዬ ነው።

“ፎቶ ላክልኝ” አለች። ይህን አላሰብኩበትም። “እሺ፣ አሁን አንስቼ” አልኩና ስልኬ ውስጥ ፈልጌ የኅዳር ወር ፎቶ አገኘሁ። ሙሉው ገንዳ፣ ቁልጭ ያለ፣ ጨብራራው ጣቶቹን ዘርግቶ። ላክሁ። ልኬም በራሴ ተደነቅሁ።

ዝም አለች። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ “ሄሎ” አልኩ።

“አለሁ” አለች። “አሁን ነው ያነሳኸው?”

“አሁን፣ አሁን።”

“እሺ” አለች። ረጅም እሺ ነበር። የዳገቱ ድካም ይሆናል።

ጥር 29፣ ዓርብ

መብራቱን ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩ። ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ያለው ሰው ነው። ቃል ስለሚቆጥብ ሰፈሩ ሁሉ ቁጥቡ ይለዋል። ጀርባውን ፈታ። ውስጡ ያለችው ማቀዝቀዣ ፋን ላይ ሰማያዊ ብናኝ እንደ ትራስ ተጠቅጥቋል። በመቆንጠጫ ጎትቶ አወጣና ብርሃን ላይ ያዘው።

“ይሄ ምንድነው?”

“እኔ እንጃ” አልኩ።

የኮቴን የደረት ኪስ አየ። ኪሴ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አንድ ሰማያዊ የመነጽር ጨርቅ ነበር፣ ጫፉ ብቅ ያለ። እንደገና ብናኙን አየ። እንደገና ኪሴን። ጨርቁን በጣቴ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት።

“ተቃጥሏል” አለ። “ዕቃው ሦስት ሳምንት።” ጨረሰ። ቁጥቡ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 1፣ እሑድ

የአሳ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ነበርኩ። ስለ አንዲት ቀንድ አውጣ ብትጠይቀው ግማሽ ቀን የሚያስተምር ስለሆነ ፕሮፌሰሩ እንለዋለን።

“ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተክሎች ያሳድራል” አለኝ። “እነሱ ብርሃን እየበሉ ያበስሉለታል፣ እሱ ይመገባል። መብራት ጠፋ ማለት ወጥ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።”

“ስንት ቀን ይቆያል?”

“እንደ ጥንካሬው። ያገኘኸውን ብርሃን ስጠው፣ እንዲቆይልህ ያህል። ከሁሉም በላይ ግን ስማኝ፣ አዲሱ መብራት ሲመጣ በሠላሳ በመቶ...”

እዚህ ላይ ስልኬ ጠራ። ደንበኛ ነበር፣ የመነጽሩ እጀታ የተሰበረበት። እየተናገርኩ ወጣሁ። ስለ ብርሃን ከሆነ ደግሞ አስተምሩኝ የምል ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ነው።

ማታ አለቃ ደወለች። “ደህና ነው” አልኩ። ፎቶ አልጠየቀችም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ከሱቅ ሁለት የምርመራ መብራት አመጣሁ። ገንዳው ላይ በሽቦ አሰርኳቸው። እማማ የሹራብ መሥሪያ መብራታቸውን አምጥተው አጠገቡ አቆሙ።

“እርስዎስ በምን ይሠራሉ?”

“ሹራቡ አይሞትም” አሉ።

ጨብራራው ከሰባቱ ሁለት ራሱን በግማሽ ከፈተ። ያንንም ቢሆን እንደ ቅር ያለው ሰው፣ በጎን በጎን እያየ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ሙቀት 29!!

ታሪኩ እንዲህ ነው። በመስኮታችን ከቀትር በኋላ ጥሩ ፀሐይ ይገባል፤ ገንዳው ያለው ግን በማዶው ግድግዳ ነው። ታዲያ መስታወት ለምን ተፈጠረ? ከሱቅ ደንበኞች መነጽር ሲሞክሩ ራሳቸውን የሚያዩባቸውን ስድስት መስታወቶች አምጥቼ አንዱን መስኮቱ ላይ፣ አንዱን ወንበር ላይ፣ ሌሎቹን በመጽሐፍ ደግፌ ፀሐዩን ከአንዱ ወደ አንዱ እያቀባበልኩ ገንዳው ውስጥ አስገባሁት። ለሩብ ሰዓት የድል አድራጊ ስሜት ተሰማኝ። አለቃ ብታየኝ አልኩ፣ ማዕዘኑን እኮ ያለ መሣሪያ ነው የለካሁት!

ከዚያ ፀሐይ ትዞራለች ለካ። ብርሃኑ ቀስ እያለ ከገንዳው ወርዶ እማማ ሶፋ ላይ ያሸለቡበት ደረሰና ዓይናቸው ውስጥ ገባ። “ደረሰ! መጣ!” ብለው ተነሱ፤ ማን እንደመጣ እስከ አሁን አልነገሩኝም። ቀጥሎ በመስኮት ወጥቶ ሄደ። ፊት ለፊት ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ መጋረጃቸውን ዘጉ፣ ከዚያ መስኮታቸውን ዘጉ፣ ከዚያ መጥተው በራችንን አንኳኩ።

“ጌታው፣ ከእኔ ጋር ምን አለዎት?” አሉኝ።

እሳቸውን ይቅርታ ስጠይቅ ውሃው ሞቀ። አሁን በረዶ በላስቲክ አድርጌ እያንሳፈፍኩ ነው። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ወጥቷል። መስታወቶቹን መልሻለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ለአለቃ ምንም አልተባለም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ደወለች። ፎቶ ጠየቀች። ሌላ አሮጌ ላክሁ፣ የባለፈው ዓመት። ይሄኛውን ስታይ ከባለፈው የበለጠ ዝም አለች።

“ምነው?” አልኳት።

“ምንም። ጥሩ ፎቶ ነው” አለች፤ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። ጉንፋን ይዟት እንደሆነ ጠየቅኳት። አልያዘኝም አለች።

በኋላ ስልኩን እናቷ ወሰዱት። ሳህን እያጠብኩ ስለነበር ቁርጥራጩን ነው የሰማሁት። “አንድ ዓመት እኮ ብዙ ነው... እሱ ያውቃል ወይ?... እኔማ አፌን አልከፍትም። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ።”

አንድ ዓመት ምን? የሹራቡ ነገር ይሆናል። እማማ ሲጀምሩት ትልቅ ነው ብለው ነበር።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ሙቀት 25.6። አንድ ዓመት ሹራብ አይፈጅም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ገንዳው ውስጥ ብርቱካናማና ነጭ ዥንጉርጉር የሆኑ ሁለት አሳዎች አሉ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ትልቋ ሚስትየዋ ናት። ትመራለች፣ እሱ ከኋላ ከኋላ ይላል፣ ስትቆጣው ይንቀጠቀጥላታል። ዛሬ ፕሮፌሰሩ ዝቃጩን መፋቂያ ሲሸጥልኝ፣ “ታውቃለህ፣ ሚስትየዋ ከጠፋች ባልየው ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ሴት ይለወጣል” አለኝ።

ቤት ስገባ የእማማን ክር ቋጥሬ፣ መጋረጃ አጥቤ፣ የአለቃን ልብሶች ሻጋታ እንዳይዛቸው አውጥቼ አናፍሼ፣ መልሼ አጥፌ ነበር። ቢጫዋን ፒጃማዋን ሁለቴ አጠፍኳት፤ የመጀመሪያው እጥፋት ጥሩ ስላልነበረ ነው። ከዚያ የአሳው ነገር ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

ሁለት ወር ከምናምን ሆናት ከሄደች። ምንም አይደለም። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል፣ ፓምፑ ብቻ ነው የሚሰማው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

መብራቱ መጣ! ቁጥቡ ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ሲያስረክበኝ ኪሴን በጣቱ ጠቆመና፣ “አታስጣ” አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ ያልገባኝ ሆንኩ።

ሰቀልኩት፣ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። መቶ! ሳሎኑ በራ። ሦስት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ለከረመ ፍጥረት የሚገባው እንደዚህ ነው፤ ያለፈበትን ሁሉ በአንዴ መካስ። እማማ፣ “አልበዛም?” አሉ። “እማማ፣ የተራበ ሰው ምግብ በዛብኝ ይላል?” አልኳቸው። አሳዎቹ ድንጋይ ሥር ገቡ፤ ደስታ አስደንግጧቸው ይሆናል።

የካቲት 22፣ እሑድ

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ፎቶ ላክሁላት! የሚያበራ፣ የዛሬ።

“ይሄኛውስ ዛሬ የተነሳ ነው” አለች።

“ይሄኛውስ” ያለችውን ቃል ከቅድም ጀምሮ እያመላለስኩት ነው።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ጨብራራው ነጣ። አረንጓዴው የለም። ጣቶቹ አጥንት የለበሱ ይመስላሉ። አጥንቱ ይታያል።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ሱቁን ዘግቼ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሮጥኩ።

“ስንት ላይ አደረግከው?”

“መቶ።”

መነጽሩን አወለቀ፤ እኔ የሠራሁለትን። “ሠላሳ ብዬህ ነበር። በሳምንት አምስት አምስት እየጨመርክ። ለጨለማ ተዘጋጅቶ የከረመን ነገር እንደዚያ ስታበራበት፣ የሚያበስሉለትን ተክሎች ራሱ አውጥቶ ይጥላቸዋል። ብርሃኑ ነው ያቃጠለው፣ ጨለማው አይደለም። ጨለማውን እኮ ችሎት ነበር!”

ጨለማውን እኮ ችሎት ነበር። መንገዱን ሁሉ ይህን እያልኩ መጣሁ። የዓይን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ሁሉ ሱቄ ሲመጣ፣ “ጥቁር መነጽር ያድርጉ፣ ብርሃን ቀስ እያሉ ይልመዱ” የምለው እኔ ነኝ! ሃያ ሁለት ዓመት! አፌ ያውቃል፣ እጄ አያውቅም።

መብራቱን ሃያ አምስት ላይ አወረድኩ። አለቃ ስትደውል አላነሳሁም። እማማ፣ “አይ ልጄ” ብለው ብቻ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ሙቀት 25.5። ጨው ልክ። መብራት 25። ከሰባቱ ራስ ሁለቱ ሄደዋል። ሥጋቸው እየተላጠ በውሃው ሲንሳፈፍ አይቼ በመረብ አወጣኋቸው። አምስቱ ነጭ ናቸው፣ ግን ስነካቸው ይሰበሰባሉ። ፕሮፌሰሩ፣ “የሚሰበሰብ ከሆነ በሕይወት አለ” ብሏል።

ዛሬ ሱቅ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሌንስ ስቀይርላቸው፣ “ሁለቱም ደህና ነው” አሉኝ። እኔም ሳላስበው ጮኽኩባቸው። “ደህና አይደለም! ካልታየዎት አልታየኝም ይበሉ!” ደንግጠው አዩኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። መነጽሩን በነጻ አጸዳሁላቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በሩን ቆልፌ ያ ወንበር ላይ እኔው ተቀመጥኩ።

የአንድ ዓመቱ ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳህን እያጠብኩ የሰማሁ ቀን ነው ያወቅሁት። ሌላ ዓመት እንድትቀጥል ጠይቀዋታል። እኔን ያልጠየቀችኝ አስባ ጨርሳ ይመስለኛል። የሚመልሳት ጨብራራው ነው ብዬ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የምታናግረው እሱን ነዋ። እሱን ገደልኩት ማለት ነው። እኔን ብቻ ለማየትማ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ማን ይመጣል?

ናፍቃኛለች። በጣም ናፍቃኛለች። እነሆ ጻፍኩት።

የካቲት 29፣ እሑድ

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁ። “ጨብራራው...” ከማለቷ፣ “ደህና አይደለም” አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መብራቱ፣ ስለ አሮጌዎቹ ፎቶዎች፣ ስለ መስታወቶቹና ስለ ዳኛው፣ ስለ መቶው። የነጣውን ጨብራራ እዚያው አንስቼ ላክሁላት። ቸኩዬ ስላነሳሁት ፎቶው ደብዝዟል። (አንዲት ነገር ብቻ አልነገርኳትም፣ ምን አቃጠለው የሚለውን። የቴክኒክ ጉዳይ ነው።)

የሚያለቅስ ሰው ድምፅ መጣ። አይደለም፣ እየሳቀች ነው!

“ሠላሳ ሁለት ቀን” አለች። “ሠላሳ ሁለት ቀን ጠበቅኩህ።”

“ምን?”

“የላክህልኝን የመጀመሪያውን ፎቶ ክፈት። የገንዳውን መስታወት እይ፣ በግራ በኩል።”

ከፈትኩ። አጎላሁት። መስታወቱ ላይ፣ ከጨብራራው ጎን፣ ቢጫ ፒጃማ የለበሰች፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ፣ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ ያለ ሴት ቆማለች።

“ያን ጊዜ ኮረብታ ላይ ነበርኩ” አለች። “የሥራ ጫማ አድርጌ።”

ለሰው ሁሉ ነጸብራቅ የማይዝ መነጽር የምሸጥ እኔ! በየቀኑ “ይሄኛው መስታወት አይመልስም” እያልኩ!

“ሁለተኛውን ደግሞ ክፈት።”

ሁለተኛው ላይ ሁለታችንም አለን። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሷ ከኋላዬ አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳርፋለች። ያን ቀን እንደዚያ ቆማ እንደነበር ረስቼው ነበር።

“ያንን ስታሳየኝ ነው ድምፄ የጠፋው” አለች።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“አንተስ?”

ንፋሱ ይሰማል። ከዚያ የአንድ ዓመቱን ነገር ነገረችኝ። ወረቀቱ ከጥር ጀምሮ ድንኳኗ ውስጥ፣ የመሣሪያዋ ሣጥን ሥር እንዳለ። “ልጠይቅህ እፈልግና እተወዋለሁ” አለች። “‘ደህና ነው፣ ቆዪ’ ትለኛለህ። ቤቱ ቢፈርስብህም ደህና ነው ነው የምትለኝ። በደህናህ እንዴት ልተማመን? ዛሬ ደህና አይደለም አልከኝ፤ አሁን ልጠይቅህ እችላለሁ።”

“ጠይቂኝ።”

“እኔን እንዳታየኝ፣ ሰሌዳውን እይ” አለች፤ የእኔኑ ድምፅ አስመስላ። “አንደኛው፣ አንድ ዓመት እዚህ፣ በየሦስት ወሩ እየመጣሁ። ሁለተኛው፣ በመጋቢት መጨረሻ...”

“ሁለተኛው!”

“አልጨረስኩም እኮ።”

“ታይቶኛል።”

“እንደገና ላሳይህ?”

“አያስፈልግም፣ ጥርት ብሎ ነው የታየኝ። ግን አንደኛው ለአንቺ የሚሻል ከሆነ ንገሪኝ፤ ሱቁን ዘግቼ፣ እማማንና ጨብራራውን ይዤ እመጣለሁ። እሱን በባልዲ።”

“እማማንስ?”

“በመኪና።”

ከክፍላቸው፣ “ሰምቻለሁ!” አሉ እማማ።

አለቃ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “እኔም ሁለተኛው ነው የታየኝ” አለች።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ሙቀት 25.5። ጨው ልክ። መብራት 30። ልዩ ምልከታ፦ ዛሬ ጠዋት ፊቱ ቆሜ “እንዴት አደርክ?” አልኩት። ማንም አላየኝም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

መብራት 40። ከአምስቱ በሦስቱ ራስ ሥር የሻይ ቀለም የመሰለ ነገር እየተመለሰ ነው። ፕሮፌሰሩ ቤት ድረስ መጥቶ አየና ግማሽ ቀን አስተማረኝ። ሁሉንም ሰማሁ። ስልኬን አጥፍቼ ነበር።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ሙቀት 25.4። ጨው ልክ። መብራት 45።

ነገ ትደርሳለች። ንጹሑን ደብተር ገዝቼ ቁጥሮቹን ልገለብጥ ተቀመጥኩ። ጥር 18፣ 25.5፣ ልክ፣ በርቷል፣ የለም። ሁለት ገጽ ከሄድኩ በኋላ አየሁት፤ እጅግ ያማረ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። ቀድጄ ጣልኩት።

ይህንኛውን ገንዳው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እማማ ሹራቡን ጨርሰዋል። የእኔ ነው ለካ።

መጋቢት 27፣ እሑድ

ሙቀት 25.5። ጨው ልክ። መብራት 45፤ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት።

ጨብራራው፦ አምስት ራስ። በጀርባ በኩል ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት አዲስ ራስ አለች። ባለ መነጽር ቤቱ ሰውዬ አላያትም።

ጨርቅ፦ ጥር 18ን አነበብኩ። ጥር 29ንም። በረንዳ ላይ ገመድ ወጥሬያለሁ።

ባል፦ ገርጥቷል፣ ከስቷል። ስነካው ይሰበሰባል፣ ስለዚህ በሕይወት አለ። ብርሃን በአንዴ አይበዛበትም፤ በሳምንት አምስት አምስት እየጨመርኩ እመልሰዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት የመጀመሪያው ተጠያቂ እሱ ነው። ጨብራራው ይጠብቅ።

— አለቃ